በጎጃም አብያተ ክርስቲያናት ስለሚታዩት ፈረሰኞች ሰማዕታት

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ካሉት ክብ አብያተ ክርስቲያናት ወደ አንዱ ገብቶ የመቅደሱን ግድግዳ የዞረ ሰው፣ በሰሜን በኩል አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ፈረሰኞችን ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በአምባላይ ፈረስ ተቀምጦ ደራጎኑን ይወጋል፤ ቅዱስ መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረስ ሆኖ ከሐዲውን ዑልያኖስን ይጥላል፤ ገላውዴዎስ፣ ቴዎድሮስና ፋሲለደስም ይከተላሉ። ወንዶች በጸሎት ጊዜ የሚቆሙት በዚሁ በሰሜን ወገን መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ሊቃውንት እነዚህን ሥዕሎች የመረመሩት በይበልጥ ከአሣሣል ስልታቸው አንጻር ነው። እኔ ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሣሉትን እንደ ታሪክ ሰነድ ልንቈጥራቸው ይገባል እላለሁ። ዑልያኖስ በአውሮፓ አቈጣጠር በ363 ዓ. ም. በፋርስ ዘመቻ የሞተ የሮም ንጉሥ ነው፤ በሥዕሉ ላይ የሚወጋው ሰማዕት ግን ከቶ ሮማዊ አይመስልም። እግሩ ባዶ ነው፤ አውራ ጣቱን ብቻ በጠባቧ እርካብ አስገብቷል። ኮርቻው፣ ልጓሙና ግላሱ የሀገራችን ናቸው። በዚያው ዘመን የነበረ የአውሮፓ ሠዓሊ የመካከለኛውን ዘመን ጀግና በፈረስ ለመሣል ሲነሣ የጥንቱን ጥሩር በየቤተ መዘክሩ ይፈልግ ነበር። የእኛ ሠዓሊ ግን ሞዴሉን ያገኘው በደጁ ሲያልፍ ነው። የዳሞቱ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ በ1852 በጉር አምባ ከካሣ ኃይሉ ጋር ተዋግተው ሲወድቁ፣ የተከተላቸው ፈረሰኛ እንዴት እንደ ተቀመጠ ለማወቅ ከዚህ ግድግዳ የቀረበ ምስክር አይገኝም።

ነገሩ በዕቃ ብቻ አያበቃም። ከ1540 እስከ 1559 የነገሡት ገላውዴዎስ፣ ከዚያም ሱስንዮስና ፋሲለደስ፣ ሦስቱም የፈረሰኛ ሰማዕታት ስም የያዙ ናቸው። (ዳግማዊ ቴዎድሮስን ከእነዚህ መደመር ስሕተት ይመስለኛል፤ የእርሳቸው ስም ከፍካሬ ኢየሱስ ትንቢት የተወሰደ ነውና።) ግድግዳውን ሲመለከት ያደገ የባላባት ልጅ ንጉሥንና ሰማዕትን በአንድ ኮርቻ ላይ ማየቱ አያስደንቅም።

ሥዕሎቹ በሸማ ላይ ተሥለው በግድግዳው የሚለጠፉ ስለ ሆኑ በቀላሉ ይነሣሉ። የማርሴል ግርዮል ጓድ በ1932 በጎንደር የአባ እንጦንስን ሥዕሎች፣ ፈረሰኞቹንም ጭምር፣ አንሥቶ ወደ ፓሪስ ወስዷል፤ በቦታቸው የተተካው አብሮት የመጣው ሠዓሊ የሣለው ቅጂ ነው። በገጠር ግን የሚያስፈራው እንግዳ ብቻ አይደለም። የጭቃው ግድግዳ ፈርሶ በሲሚንቶ ሲተካ፣ በአሮጌው ሸማ ምትክ የማተሚያ ቤት ሥዕል ይሰቀላል፤ በአዲሱ ሥዕል ላይ ሰማዕቱ ጫማ ተጫምቷል።

ስለዚህ ሥዕሎቹን ፎቶግራፍ ማንሣት ብቻ አይበቃም፤ የዕቃዎቹ ስምም አብሮ መመዝገብ አለበት። ለዚህ ደግሞ መምህራኑ ሩቅ አይደሉም። ከቡሬ ትንሽ አለፍ ብሎ በእንጅባራ፣ የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ ፈረሳቸውን አስጊጠው ይወጣሉ፤ ጠፍሩን ሁሉ በየስሙ የሚጠሩት እነርሱ ናቸው።