ጨዋታው የልጁ፣ መዝገቡ የማን?

በመቐለ ከተማ ዓዲ ሓቂ የሚባለው ሰፈር፣ ስሙን በትግርኛ ለሚሰማ ሰው፣ «የእውነት አገር» እንደ ማለት ነው። ልጆች ገበጣ ሲጫወቱ፣ ብይ ሲያንከባልሉ ወይም ድብብቆሽ ሲሯሯጡ፣ ማን አሸነፈ ማን ተሸነፈ የሚለው ክርክር ከእራት ሰዓት አያልፍም። ጠጠሩ ይሰበሰባል፤ የብዩን ጉድጓድ አቧራ ይሞላዋል። ጨዋታው ምንም አይመዘግብም፤ ልጁም የዛሬ ስሕተቱ ነገ አይጠብቀውም።

የእናቱን ስልክ ተቀብሎ ጥግ ይዞ የተቀመጠው ልጅ የሚጫወተው ጨዋታ ግን ያስታውሳል። ስሙን፣ ድምፁን፣ ያለበትን ቦታ፣ ያመሸበትን ሰዓት ሊያስታውስ ይችላል። እንግዲህ ጨዋታው የልጁ ከሆነ፣ መዝገቡ የማን ነው? ጥያቄው ታሪክ አለው፤ ከታሪኩም አንዱ ምዕራፍ የተጻፈው በአገራችን ነው። (ዘመናቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

በ2004 ዓ.ም. ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የመሠረቱት «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት፣ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ በሚገኙ ሁለት መንደሮች፣ ማንበብ ለማያውቁ ሕፃናት በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን አደለ። አስተማሪ አልተመደበላቸውም። መሥራቹ በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ለአንድ ጉባኤ እንደ ተናገሩት፣ በአምስት ወር ጊዜ ውስጥ ልጆቹ በድርጅቱ ሰዎች ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፍተውት ተገኙ። ዓለም በልጆቹ ብልሃት ተደነቀ።

መደነቁ ተገቢ ነበር። ነገር ግን በአድናቆቱ መካከል ብዙዎች ልብ ያላሉት ነገር አለ። በታብሌቶቹ ውስጥ የነበረው የማስታወሻ ካርድ የልጆቹን አጠቃቀም ይመዘግብ ነበር፤ በየሳምንቱም አንድ ባለሙያ እየመጣ ካርዱን ቀይሮ ይወስድ ነበር። ዓላማው ሕፃናት ያለ አስተማሪ ማንበብ ይማሩ እንደሆነ ለማጥናት ነው፤ ክፋት አልነበረበትም። ሆኖም ከዚያ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ትልቅ ሰው የዘጋውን ልጅ ይከፍተዋል፤ ስለዚህ ጥበቃው በአንድ ቁልፍ ላይ ብቻ ሊንጠለጠል አይገባም። ሁለተኛ፣ ያን ጊዜ መዝገቡ የሚሄደው በሰው እጅ፣ በዓይን እየታየ ነበር። ዛሬ ካርድ ቀያሪ አይመጣም፤ መዝገቡ ድምፅ ሳያሰማ በኔትወርክ ይወጣል።

ሌላው ዓለም ይህን አስቀድሞ አይቶታል። አሜሪካ በ1991 ዓ.ም. ባወጣችው፣ በሚያዝያ 1992 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ፣ ያለ ወላጅ ፈቃድ ዕድሜያቸው ከ13 ዓመት በታች ከሆኑ ልጆች የግል መረጃ እንዳይሰበሰብ ከለከለች። ሕጉ ግን ያለ ዳኛ አልተከበረም። በየካቲት 2011 ኋላ ቲክቶክ የሆነው ሚዩዚካሊ 5.7 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። በታኅሣሥ 2015 ደግሞ የፎርትናይት ባለቤት ኤፒክ ጌምስ 275 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ሆነ፤ ከክሶቹ አንዱ ልጆች ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር የሚነጋገሩበትን የድምፅና የጽሑፍ መስመር ከመጀመሪያው ክፍት አድርጎ መተዉ ነው።

በዚያው ታኅሣሥ መቐለ የተቋረጠው የስልክ መስመሯ ሲመለስ ዘመድ የዘመዱን ድምፅ ሰማ። ኢንተርኔት በትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ተዘግቶ ነበር፤ ትምህርት ቤቶችም ለዓመታት ተዘግተው፣ ብዙዎቹ የተፈናቃዮች መጠለያ ሆነው ነበር። ሌላው ዓለም በየዓመቱ እየተሳሳተና እየታረመ የተማረው፣ ለእነዚህ ልጆች በአንድ ጊዜ መጣባቸው። ያመለጣቸውን ትምህርት በስልክ ሊያካክሱ ለሚሹ ልጆች መተግበሪያ በረከት ነው። ከቀዬው ለተፈናቀለ ልጅ ግን ፎቶግራፉና የመጠለያው አድራሻ በማያውቀው እጅ መግባቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ሕግ የለንም አንልም። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት፣ አንቀጽ 16 ላይ፣ ልጅም የራሱ ምስጢር እንዳለው ይደነግጋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል፤ እንዲያስፈጽም ኃላፊነቱ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል።

ነገር ግን አዋጁን ልጁ አያነበውም፤ ሊያነበው የሚገባው ጨዋታውን የሚሠራው ሰው ነው። ያ ሰው ምናልባት ዛሬ በመቐለ ዩኒቨርሲቲ የዓዲ ሓቂ ግቢ የሚማር ወጣት ይሆናል። ፊደል የሚያስቆጥር ጨዋታ የልጁን ስልክ ቁጥርም ሆነ ያለበትን ቦታ አይሻም፤ ስለዚህ አይጠይቅ። ነጥቡ በስልኩ ላይ ይቅር። ከማያውቁት ሰው ጋር መነጋገሪያው ከመጀመሪያው የተዘጋ ይሁን። ፈቃድ የሚጠየቅበትም ጽሑፍ እናት በምታነበው ቋንቋ፣ በትግርኛ ወይም በአማርኛ፣ ባጭሩ ይጻፍ፤ ማንበብ ለማትችል እናት ደግሞ በድምፅ ይነገራት።

ውድ አንባቢ፣ ጨዋታ ልጁን «ዕድሜህ ስንት ነው?» ሲለው፣ ልጁ ለመጫወት ካለው ጉጉት የተነሣ ይዋሻል። ስለዚህ እውነት የመናገሩ ግዴታ የሚወድቀው በሠሪው ላይ ነው፤ ምን እንደሚወስድ፣ ለምን እንደሚወስድ፣ መቼ እንደሚያጠፋው ሊናገር ይገባል። በዓዲ ሓቂ የሚሠራ ጨዋታ የሰፈሩን ስም ቢያከብር፣ ልጁ ማታ ጠጠሩን ሰብስቦ እንደሚገባው ሁሉ፣ ስልኩንም ሲያስቀምጥ ኋላው የሚቀር ነገር አይኖርም።