ሦስት ሺህ ካርቶንና አራት የሩዝ መደብ

ከጣራ ገዳም ወርዳችሁ በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ወረታ ስትሄዱ የፎገራ ሜዳ ይቀበላችኋል። የአገራችን ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለው እዚሁ ነው። በሰብል ምርምር አንድ ዝርያ ሲሞከር ብዙውን ጊዜ የሚደገመው በሦስት ወይም በአራት መደብ ብቻ ነው። ታዲያ ከአራት ቁጥር ተነስቶ ምርቱ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ፣ ማለትም ቫሪያንሱን፣ ማወቅ ይቻላል ወይ?

ጥያቄውን በቁም ነገር የያዘው አንድ የቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ዊልያም ጎሴት እ.ኤ.አ. በ1899 ደብሊን በሚገኘው ጊነስ ተቀጠረ። የገብስ ሙከራዎቹም እንደኛው ጥቂት ቁጥር ብቻ ነበራቸው። በ1908 «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም ባሳተመው ጽሑፍ ቀመሩን በሙከራ ፈተነ። የ3,000 ወንጀለኞችን ቁመትና የግራ እጅ መካከለኛ ጣት ርዝመት በ3,000 ቁራጭ ካርቶን ላይ ጻፈ፤ በደንብ በውዞ አወጣቸውና በተርታ አራት አራቱን አንድ ናሙና አደረገ። 750 ናሙና ሆነ። የእያንዳንዱን አማካይና መበታተን አሰላ። ውጤቱ ከቀመሩ ጋር ተቀራረበ፤ ዛሬ «ቲ-ቴስት» የምንለው መነሻው ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የናሙናው አማካይ ከራሱ ከአራቱ ቁጥሮች ስለተሠራ ወደ እነሱ ያደላል፤ ከእሱ የሚለካው ርቀትም ከእውነተኛው አማካይ ከሚለካው ያንሳል። የርቀቶቹን ካሬ ድምር ለ4 ብናካፍል ቫሪያንሱ በአማካይ የእውነተኛው ሦስት አራተኛ ይሆናል። ለ3 ብናካፍል ግን በአማካይ ልክ ይመጣል።

የጎሴት ድካም ዛሬ አር በተባለው ቋንቋ ሁለት መስመር ነው፤ 10,000 ናሙና በቅጽበት ይወጣል። ግን ልብ በሉ፦ የአር ቫሪያንስ ለ3 ያካፍላል፣ የፓይተኑ ናምፓይ ደግሞ ካላዘዛችሁት በቀር ለ4። ስሙ አንድ፣ መልሱ ሁለት!

ለ3 አካፍለንም ነገሩ አያልቅም። ቁጥሮቹ ኖርማል ስርጭት ካላቸው፣ ከ100 ናሙናዎች 32 ያህሉ ከእውነተኛው ቫሪያንስ ግማሽ በታች ይሰጣሉ። በአማካይ ልክ መሆንና በእጃችን ያለው አንዱ ናሙና ልክ መሆን ይለያያሉ። ጎሴት ቀመሩን የሠራው ለዚህ ነው።

ይህ የኮድ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። መበታተኑ አንሶ ከታየ፣ በዕድል የመጣ የምርት ብልጫ የዝርያው ይመስላል። ገበሬውም ያንን አምኖ ዘሩን ይቀይራል። ኮምፒዩተር ላይ 10,000 ጊዜ መሞከር ይቻላል፤ ለገበሬው ግን በዓመት ያለው አንድ ክረምት ነው።