የችፌ ቅባት ለምን ያስፈራናል? የ70 ዓመት ታሪክ



«ዶክተር፣ ቅባቱ ስቴሮይድ አለው አሉኝ፤ ልጄን አይጎዳትም?» ችፌ (ኤክዚማ) ያለበት ልጅ ይዘው የሚመጡ እናቶች ደጋግመው ይጠይቁኛል። ሌላዋ ደግሞ ጎረቤት የሰጠቻትን ጠንካራ ክሬም ሕፃኗ ፊት ላይ ለወራት ስትቀባ ቆይታ ትመጣለች። አንዷ አብዝታ ፈርታለች፣ ሌላዋ ጭራሽ አልፈራችም። ሁለቱም ከአንድ ታሪክ የመጡ ናቸውና ዛሬ እሱን ላጫውታችሁ።

ከ1950ዎቹ በፊት (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ለችፌ ከሚታዘዙት ዋነኛው ከድንጋይ ከሰል የሚወጣ ሬንጅ ነበር። ይሸታል፣ ልብስም ያበላሻል። ከዚያ ኮርቲዞን መጣ፤ በ1950 የኖቤል ሽልማት ያስገኘ መድኃኒት ነው። ቆዳ ላይ ሲቀቡት ግን እምብዛም አልሠራም። በ1952 ሱልዝበርገር እና ዊተን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች የቅርብ ዘመዱን ሃይድሮኮርቲዞንን በቅባት መልክ ሞከሩት። የሕሙማኑ ቆዳ ተሻለው፣ ማሳከኩም ቀነሰ።

በ1960ዎቹ ከሱ እጅግ የሚበረቱ ቅባቶች ተሠሩ። ችግሩም አብሮ መጣ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ፣ ለረጅም ጊዜ፣ በተለይ ፊት ላይ የተቀቡ ሰዎች ቆዳቸው ሳሳ፣ ሸንተረር አወጣ፣ ቀላ። ዛሬም ማድያት ለማጥፋት ወይም ፊት ለማፍካት ክሎቤታሶል የሚቀቡ ሰዎች ላይ የምናየው ይህንኑ ነው።

ፍርሃቱ የተወለደው እዚህ ላይ ነው። የፈራች እናት ደግሞ ቅባቱን በጣም ቆጥባ ትቀባለች፤ ችፌው አይድንም፣ ልጁ ሌሊቱን ሲያክ ያድራል።

መልሱን ያገኘነው ከጥናት ነው፦

✅ መጠኑ፦ በ1991 የብሪታንያ ሐኪሞች ቀላል መለኪያ አስተዋወቁ። ከአዋቂ ሰው የሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መተጣጠፊያ የተጨመቀ ክሬም ግማሽ ግራም ያህላል፤ ጣቶችን ጨምሮ ሁለት የአዋቂ መዳፍ የሚያክል ቆዳ ይበቃል።

✅ ጊዜው፦ በ2002 በእንግሊዝ ቀላልና መካከለኛ ችፌ ባለባቸው ልጆች ላይ ጠንካራ ቅባት ለ3 ቀን፣ ደካማ ቅባት ደግሞ ለ7 ቀን ተነጻጸሩ። በ18 ሳምንት ክትትል ውጤታቸው ተመሳሳይ ሆነ።

✅ ማለስለሻው፦ በ2018 በ482 ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት መታጠቢያ ውኃ ውስጥ የሚጨመር ማለስለሻ የተለየ ጥቅም እንደሌለው አሳየ። በ2022 ደግሞ 550 ልጆች ሎሽን፣ ክሬም፣ ጄልና ወፍራም ቅባት ተሰጥቷቸው አንዱ ከሌላው ጎልቶ አልበለጠም። ስለዚህ ውድ ስለሆነ ይሻላል ብላችሁ አትጨነቁ፤ ልጃችሁ ሳያስቸግር የሚቀባውን፣ አቅማችሁም የሚችለውን ምረጡ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ማለስለሻውን በየቀኑ ቀቡ። ችፌው ሲነሳ የታዘዘውን የስቴሮይድ ቅባት ሳትሰስቱ ቀቡ፤ ሲረጋ እንደተነገራችሁ አቁሙ። ጠንካራውን ያለ ሐኪም ምክር ፊት፣ ብልት አካባቢና ዳይፐር ሥር አትቀቡ። የሌላ ሰው ቅባት አትዋሱ። ቁስሉ መግል ከያዘ፣ ውኃ የቋጠሩ ነጠብጣቦች ከወጡ ወይም ልጁ ካተኮሰው ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

መድኃኒቱን መፍራት አያስፈልግም፤ መጠኑንና ጊዜውን ማወቅ ግን ግድ ነው። ቅባት ለሚፈራ ወላጅ አጋሩልኝ።