አሥራ ሦስት ወር በሴኡል

ስለ ኮሪያ ሲነሣ የእኛ ሰው መጀመሪያ የሚያስታውሰው ቃኘው ሻለቃን ነው። እውነትም ነው፤ ከ1951 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከክቡር ዘበኛ የተመለመሉ ከ6,000 በላይ ወታደሮች ወደዚያች አገር ዘምተዋል፤ ከ120 በላይ የሚሆኑትም ወድቀዋል። ትረካችን ግን አብዛኛውን ጊዜ ተኩሱ ከቆመበት ከ1953 አያልፍም። ከዚያ ዘልለን ስለ ሳምሰንግና ስለ ድራማዎቻቸው እናወራለን። ወታደሮቻችን የተዋጉላት አገር ከጦርነቱ ማግስት እንዴት ኖረች? ይህን ለማወቅ ለሚሻ ሰው ከኮሪያ ሲኒማ አንድ ዓመት እጠቁመዋለሁ።

ዓመቱ የሚጀምረው በጃንዋሪ አይደለም። በማርች 1960 ፕሬዚዳንት ሲንግማን ሪ ምርጫ አጭበርብረዋል ተብሎ በማሳን ከተማ ተቃውሞ ተነሣ። በኤፕሪል ኪም ጁዩል የተባለ ተማሪ አስከሬን ዓይኑ ላይ የአስለቃሽ ጭስ ቀለህ እንደተሰካ ከባሕር ወጣ። ኤፕሪል 19 የሴኡል ተማሪዎች አደባባይ ወጡ፤ ፖሊስ ተኮሰ፤ ከመቶ በላይ ሰው ሞተ። ሪ በሳምንቱ ሥልጣን ለቀቁ። በሜይ 16 ቀን 1961 ደግሞ በጄኔራል ፓርክ ቹንግ ሂ የሚመራ ጦር መንግሥቱን ገለበጠ። በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለው ጊዜ አሥራ ሦስት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ይጎድለዋል። የእኛን ዓመት ያህል ማለት ነው።

በእነዚያ ወራት የፊልም ምርመራ ከመንግሥት እጅ ወጥቶ ለሲቪሎች ኮሚቴ ተሰጥቶ ነበር። በኖቬምበር 1960 የኪም ኪዮንግ «የቤት ሠራተኛዋ» ለእይታ በቃ። የጨርቅ ፋብሪካ ሴቶችን ሙዚቃ የሚያስተምር አንድ ሰው ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ይሠራል። ሚስቱ ለቤቱ ወጪ ስትል ስትሰፋ ውላ ስታድር ጤናዋ ይታወካል፤ ስለዚህ ሠራተኛ ይቀጥራሉ። ባልየው ልጅቷን ያስረግዛል፤ ሚስቲቱ ከደረጃ ላይ ወድቃ ፅንሱን እንድታስወርድ ታግባባታለች። ከዚያ በኋላ በቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለው የአይጥ መርዝ የቤቱ ሁሉ ጌታ ይሆናል።

ፊልሙን ብዙዎች ስለ አደገኛ ሴት የተሠራ አስፈሪ ታሪክ አድርገው ያዩታል። እኔ እንደማነበው ግን ፍርሃቱ የጌቶቹ ነው። ትናንት ከድህነት የወጣ ቤተሰብ ነገ ተመልሶ እንዳይወርድ ይሰጋል፤ ስጋቱንም ከእሱ በታች ባለችው ልጅ ላይ ይጭናል። ቤይሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት የሠራች አንባቢ ይህን ከእኔ በተሻለ ታውቀዋለች።

በፌብሩዋሪ 1961 የካንግ ዴጂን «ባለ ጋሪው» ታየ፤ በዚያው ዓመት በበርሊን ፌስቲቫል የብር ድብ ሽልማት አገኘ። በኤፕሪል ደግሞ የዩ ህዮንሞክ «የባዘነ ጥይት» መጣ። በ«የቤት ሠራተኛዋ» ባልየውን የተጫወተው ኪም ጂንክዩ እዚህ ጥርሱን የሚያመው፣ ማስነቀያ ግን የሚቸግረው ጸሐፊ ነው። ከጦርነት የተመለሰ ወንድሙ ባንክ ይዘርፋል፤ እህቱ በአሜሪካ ወታደሮች ዘንድ ገላዋን ትሸጣለች፤ ሚስቱ በወሊድ ትሞታለች። ከሰሜን ተፈናቅላ የመጣች እናቱ አእምሮዋን ስታ ከተኛችበት ሆና «ካጃ!» እያለች ትጮኻለች።

ፊልሙን ከአክስቴ ጋር ሳየው እየተረጎምኩላት ነበር። እዚያ ላይ ስንደርስ ግን አልጠበቀችኝም፤ «አገሬ ውሰዱኝ ነው የምትለው» አለች። አልተሳሳተችም፤ «ካጃ» ማለት «እንሂድ» ነው።

ወታደራዊው መንግሥት ግን ቃሉን በሌላ ጆሮ ሰማው። ፊልሙ ታገደ፤ ከተነሡት ምክንያቶች አንዱ ጩኸቱ «ወደ ሰሜን፣ ወደ ኮሙኒስቶቹ እንሂድ» ተብሎ መተርጎሙ እንደሆነ በብዙ ተጽፏል። በ1962 የፊልም ሕግ ወጣ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የኮሪያ ሲኒማ በሜይ 1961 አልሞተም፤ በስልሳዎቹ ከፊቱ ይልቅ ብዙ ፊልም ተሠርቷል። ነፃነቱም ለሁሉም እኩል ፍሬ አልሰጠም፤ በ1961 መጀመሪያ ሕዝቡን ያጎረፈው የሺን ሳንጎክ ባለ ቀለም «ሶንግ ቹንህያንግ» የጥንት የፍቅር ተረት ነበር። የጠበበው የፊልሙ ቁጥር ሳይሆን ሊባል የሚችለው ነገር ነው። ድህነትን መፍትሔ ሳያበጁለት፣ ተስፋ ሳይለጥፉበት፣ እንዳለ ማሳየት ከዚያ በኋላ አስጠያቂ ሆነ።

የመጨረሻው ነገር ቅጂዎቹ ናቸው። «የባዘነ ጥይት» ለእኛ የደረሰው በ1963 ለሳንፍራንሲስኮ ፌስቲቫል ተልኮ በነበረው፣ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በታተመበት ቅጂ ነው። የ«የቤት ሠራተኛዋ» ሁለት ጥቅል ጠፍቶ ቆይቶ የተገኘው እንዲሁ በእጅ የተጻፈ የእንግሊዝኛ ትርጉም ባለበት ቅጂ ነበር፤ በ2008 ሲታደስ ጽሑፉን ከምስሉ ላይ መፋቅ ግድ ሆነ። ለባዕድ ተብሎ የተጻፈው ለባለቤቶቹ አቆየላቸው።

በስደት ለምንኖር ሰዎች ከዚህ የሚወሰድ ነገር ያለ ይመስለኛል። በየቤታችን ምድር ቤት፣ በየካርቶኑ፣ ከአገር ቤት ይዘናቸው የወጣን የቪዲዮ ካሴቶችና የድምፅ ክሮች አሉ። አገር ቤት ያለው ቅጂ ስለመኖሩ ማረጋገጫ የለንም። ከመጣላቸው በፊት አንድ ጊዜ እንያቸው፤ የአንድ ዓመት ብቸኛ ምስክር በእኛ እጅ ሊሆን ይችላል።