ከወረቀት የሚሠራ የአሻንጉሊት ቤት የግድግዳ ታይል

የወረቀት ታይል በአሻንጉሊት ቤት ውስጥ የወጥ ቤትን፣ የመታጠቢያ ክፍልን ወይም የምድጃን ዙሪያ ግድግዳ ለመሸፈን ከወፍራም ወረቀት እየተቆረጠ፣ ቀለም እየተቀባና ቫርኒሽ እየለበሰ የሚዘጋጅ፣ በተለምዶ ሴራሚክ የሚባለውን በእሳት የበሰለ የግድግዳ ልባስ በትንሹ የሚተካ የእጅ ሥራ ነው። እዚህ ላይ የአሻንጉሊት ቤት የሚባለው ለልጆች መጫወቻ የሚሆነው ብቻ ሳይሆን፣ አዋቂዎች የአንድን ዘመን ቤትና አኗኗር በትክክለኛ ልክ አሳንሰው የሚያሳዩበት፣ በአውሮፓ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ጥበብ ጭምር ነው። ወረቀት ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ውፍረቱ በአሥረኛ ሚሊ ሜትር ደረጃ ሊመረጥ የሚችል፣ በምላጭ ሳይሰበርና ሳይሸራረፍ ቀጥ ብሎ የሚቆረጥ፣ ቀለምንም ቫርኒሽንም እኩል የሚቀበል ሌላ ነገር በቀላሉ ስለማይገኝ ነው። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልክና ውፍረት

በአሻንጉሊት ቤት ሥራ በብዛት የሚሠራበት የመቀነሻ ልክ፣ ማለትም ስኬል፣ 1 ለ 12 ሲሆን፣ ይህም አንድ ጫማ 12 ኢንች ከሚሆንበት የእንግሊዞች መለኪያ የመጣ ነው፤ ቦታ ለሚቆጥቡ ሠሪዎች ደግሞ 1 ለ 24 እና 1 ለ 48 አሉ። በ1 ለ 12 ስሌት 2.4 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ 20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ዛሬ በሱቅ የሚሸጠው 20 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ የግድግዳ ሴራሚክ 16.7 በ25 ሚሊ ሜትር ይወጣዋል፤ በ1904 የተከፈቱት የኒው ዮርክ ከተማ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች የለበሱትና ከዚያ ወዲህ በወጥ ቤቶችና በመታጠቢያ ክፍሎች እጅግ የተለመደው 7.5 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ነጭ ታይል ደግሞ 6.25 በ12.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል።

የርዝመቱና የወርዱ ስሌት ቀላል ነው፤ ጥንቃቄ የሚፈልገው ውፍረቱ ነው። የእውነተኛ የግድግዳ ታይል ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ የተቀነሰው ታይል ከ0.5 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር መሆን ያለበት ይመስላል፤ ነገር ግን ታይል ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ በኋላ የሚታየው ሙሉ ውፍረቱ ሳይሆን ከመጋጠሚያው መሙያ በላይ የሚቀረው ጠርዙ ብቻ ነው፤ ይህም በእውነተኛው ግድግዳ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ስለዚህ የሠርግ ጥሪ ካርድ የሚታተምበት ዓይነት፣ በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 250 ግራም የሚመዝንና 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ወረቀት ከበቂ በላይ ሲሆን፣ ወፍራም ካርቶን ግን ግድግዳውን በጠፍጣፋ ድንጋይ የተገነባ ያስመስለዋል።

መጋጠሚያውም በተመሳሳይ መንገድ ይሰላል፤ በእውነተኛው ግድግዳ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር የሆነው ክፍተት በትንሹ ቤት ከ0.17 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር መሆን ይገባዋል። በተግባር ይህን ያህል ጠባብ ክፍተት መሙያ አይገባበትም፤ በመሆኑም ሠሪዎች እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ድረስ ያሰፉታል። ማስፋቱ ብዙም አይጎዳም። ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ የ1 ለ 12 ቤትን የሚያይ ሰው እውነተኛውን ክፍል ከ3.6 ሜትር ርቀት እንደሚያይ ስለሚቆጠር፣ ከዚያ ርቀት ዓይን የሚይዘው የመስመሩን ቀጥተኛነትና የቀለሙን ልዩነት እንጂ ስፋቱን አይደለም።

ዓይን የሚያምነው ምኑን ነው

የወረቀት ታይልን ሥራ የሚወስነው ዋናው ጉዳይ ጌጡ ወይም በላዩ የተሣለው ሥዕል ሳይሆን ብርሃን በላዩ ላይ የሚያደርገው ነገር ነው። እውነተኛ ታይል አንድ በአንድ በእጅ ስለሚለጠፍ አንዱ ከሌላው ጋር ፍጹም በአንድ ገጽ ላይ አይውልም፤ እያንዳንዱ በጥቂቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ የመስኮቱም ብርሃን በግድግዳው ላይ ሲያርፍ በየመጋጠሚያው እየተሰበረ፣ አንዱ ታይል ደምቆ ጎረቤቱ ደብዝዞ ይታያል። የታይል ሥዕል የታተመበት አንድ ወጥ ወረቀት የቱንም ያህል በጥራት ቢታተምና ቢያብረቀርቅ ይህን ማድረግ አይችልም፤ ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር ሳይቆራረጥ ስለሚንሸራተትበት፣ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም እንኳ የሚያየው ወረቀት መሆኑን ወዲያው ይረዳል። ታይሎቹን አንድ በአንድ ቆርጦ የመለጠፉ ድካም ዋጋ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላለው ግድግዳ 11 ሚሊ ሜትር የሆኑ ታይሎች ወደ 490 ስለሚያስፈልጉ ድካሙ ትንሽ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር የቀለም መለያየት ነው። በምድጃ ውስጥ የበሰለ ነጭ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነጭ አይደለም፤ በተለይ ከፋብሪካ ዘመን በፊት የተሠሩ ታይሎች አንዱ ወደ ሰማያዊ፣ አንዱ ወደ ክሬም፣ ሌላውም ወደ ግራጫ ያደላል። ስለዚህ ወረቀቱ ከመቆረጡ በፊት ተቀራራቢ የሆኑ ሦስት ወይም አራት ነጮች በተለያዩ ወረቀቶች ላይ ይቀባሉ፤ ከተቆረጡ በኋላም ይደባለቃሉ። ልዩነቱ አንድን ታይል ለብቻው ሲያዩት የማይታወቅ፣ ጎን ለጎን ሲሆኑ ብቻ የሚለይ መሆን አለበት፤ ከዚያ ካለፈ ግድግዳው ዳማ ይመስላል።

አንድ ምሳሌ፦ የኔዘርላንድስ ሰማያዊና ነጭ ግድግዳ

በዴልፍት ከተማ ስም የሚታወቀው፣ ነገር ግን በሮተርዳም፣ በሃርሊንገንና በሌሎችም የኔዘርላንድስ ከተሞች ይሠራ የነበረው የ17ኛው ክፍለ ዘመን ታይል በአሻንጉሊት ቤት ሠሪዎች ዘንድ እጅግ የሚወደድ ሲሆን፣ ከወረቀት ጋርም ከመነሻው የቆየ ዝምድና አለው። ታይሉ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ጎን ያለው አራት ማዕዘን ሸክላ ሆኖ፣ ቆርቆሮ ኦክሳይድ ስላለበት ነጭና ብርሃን የማያሳልፍ በሆነ መስታወት መሰል ልባስ ይሸፈናል፤ ሥዕሉ ደግሞ ከኮባልት በሚገኝ ሰማያዊ ይሣላል። ሠዓሊው መርከቡን፣ እረኛውን ወይም የሚጫወተውን ልጅ በእያንዳንዱ ታይል ላይ ከመጀመሪያው አይሥልም ነበር፤ የሥዕሉ መስመር በመርፌ የተበሳሳበትን ወረቀት ታይሉ ላይ አስቀምጦ የከሰል ዱቄት የተሞላ ትንሽ ከረጢት ይመታበታል፤ በቀዳዳዎቹ ያለፈውም ዱቄት የነጥብ መስመር ስለሚተውለት በብሩሽ ይከተለዋል። አንድ ዓይነት ሥዕል በመቶዎች በሚቆጠሩ ታይሎች ላይ የሚደጋገመው፣ ግን የብሩሹ ግፊት በየታይሉ የሚለያየው ከዚህ አሠራር የተነሣ ነው።

ይህን ያወቀ ሠሪ አንድ ሥዕል በፕሪንተር አባዝቶ ግድግዳውን አይሞላም። በ1 ለ 12 ልክ 11 ሚሊ ሜትር በሚሆነው ወረቀት ላይ ሥዕሉን በቀጭን ብሩሽ ወይም በማይለቅ ሰማያዊ ብዕር በአራትና በአምስት ምልክት ብቻ ያመለክታል፤ አንድ ጭረት ለመርከቡ አካል፣ ሁለት ለሸራው፣ አንድ ለውኃው። ዝርዝሩ ባነሰ መጠን ከርቀት ሲታይ ይበልጥ እውነተኛ ይሆናል፤ የዓይን፣ የጣትና የገመድ ዝርዝር በዚህ መጠን ላይ ሲጨመር ሰማያዊ ቆሻሻ ከመሆን አያልፍም። ይልቁንም ሊቀር የማይገባው በየማዕዘኑ ያለው ትንሽ ጌጥ ነው፤ አራት ታይሎች ሲገናኙ አራቱ ጌጦች ተጋጥመው አንድ አበባ መሰል ቅርጽ ስለሚፈጥሩ፣ የግድግዳውን ሥርዓት ከሩቅ የሚያሳየው ይህ ነው። የኔዘርላንድስ ባለሙያዎች የታይሉን ጠርዝ ወደ ኋላ አጋደል አድርገው ስለሚሞርዱት የፊቱ መጋጠሚያ እጅግ ጠባብ እንደነበረም መታወስ አለበት፤ ለኒው ዮርኩ ዓይነት ነጭ ታይል የሚስማማው ሰፊ ግራጫ መስመር እዚህ ስሕተት ይሆናል።

የዚያው ዘመን የአሻንጉሊት ቤት ራሱ ዛሬ በአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም ይታያል። ፔትሮኔላ ኦርትማን የተባለች ባለጸጋ ከ1686 እስከ 1710 ባለው ጊዜ ያሠራችው ይህ ቤት በቁም ሣጥን ውስጥ የተደራጀ ሲሆን፣ የወጣበት ገንዘብ በከተማዋ የውኃ ቦይ ዳር እውነተኛ ቤት ሊገዛ ይችል እንደነበር ይነገራል። እዚያ የገቡት ዕቃዎች በአብዛኛው ከእውነተኛው ቁስ የተሠሩ ናቸው፤ በኤድዊን ለትየንስ ንድፍ ተሠርቶ በ1924 የተጠናቀቀውና በዊንዘር ቤተ መንግሥት የሚገኘው የንግሥት ሜሪ የአሻንጉሊት ቤትም የሚፈስ ውኃና የኤሌክትሪክ መብራት እስከ መያዝ ደርሷል። ወረቀት በሰፊው የገባው ባለብዙ ቀለም የድንጋይ ኅትመት፣ ማለትም ክሮሞሊቶግራፊ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከተስፋፋ በኋላ ነው፤ በጀርመን የሳክሶኒ አሻንጉሊት ሠሪዎችና በአሜሪካ የሮድ አይላንዱ ብሊስ ኩባንያ የታተመ ወረቀት በእንጨት ላይ እየለጠፉ ጡቡን፣ መስኮቱንና ጌጡን በሙሉ በኅትመት ይሸፍኑት ነበር። ያ ወረቀት ደስ የሚል መጫወቻ እንጂ እውነተኛ የሚመስል ግድግዳ አልወጣውም፤ ወረቀት ዕቃን ለመምሰል የበቃው ሥዕል መያዙን ትቶ ራሱ ታይል ሆኖ መቆረጥ ሲጀምር ነው።

አሠራር

ወረቀቱ አስቀድሞ በሁለቱም ገጽ በቀጭኑ ይቀባል፤ በአንድ ወገን ብቻ የተቀባ ወረቀት ሲደርቅ ይጠቀለላልና። ወረቀት የተሠራባቸው ጭረቶች ከፋብሪካው ሲወጡ በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ የተኙ ስለሆኑ፣ እርጥበት ሲያገኝ ወደ ጎናቸው እንጂ ወደ ርዝመታቸው ብዙም አይለጠጥም፤ የጭረቱን አቅጣጫ ለማወቅ ወረቀቱን በሁለቱም በኩል በቀስታ ማጠፍና በቀላሉ የሚታጠፍበትን መስመር ማየት ይበቃል። ጀርባ የሚሆነው ካርቶን ጭረት ከታይሉ ወረቀት ጭረት ጋር በአንድ አቅጣጫ ቢቀመጥ ግድግዳው ከጊዜ በኋላ ብዙም አይጎብጥም።

በቁረጣ ጊዜ አደጋው የስሕተት መጠራቀም ነው። እያንዳንዱን ታይል ከቀዳሚው ጠርዝ እየለኩ መሄድ በአንዱ ላይ 0.2 ሚሊ ሜትር ቢያዛባ፣ ከ27 ታይል በኋላ ልዩነቱ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ፣ ማለትም የግማሽ ታይል ያህል ይሆናል፤ ስለዚህ ምልክቶቹ በሙሉ ከአንድ ጫፍ፣ ማስመሪያው ሳይነሣ፣ በአንድ ጊዜ ይደረጋሉ። መጀመሪያ ቀጫጭን ሰቆች በብረት ማስመሪያና በአዲስ ምላጭ ይቆረጣሉ፤ ቀጥሎም ሰቆቹ በአንድነት ተደርድረው ወደ ታይል ይከፋፈላሉ። ታይሉ ባለቀለም ከሆነ በቁረጣው የተገለጠው ነጭ ጠርዝ በዚያው ቀለም መነካት አለበት፤ ይህ ትንሽ ነገር ሲረሳ ግድግዳው በሙሉ በነጭ ክር የተሰፋ ይመስላል።

ልጠፋው የመጋጠሚያው ቀለም በተቀባ ካርቶን ላይ፣ ከዓይን ፊት ከሚውለው የግድግዳው መካከል ተጀምሮ ወደ ማዕዘኖች ይሄዳል፤ እውነተኛ ግንበኛም ሙሉውን ታይል በሚታየው ቦታ አድርጎ የተቆረጠውን ወደ ጥግ ይገፋዋልና። ነጭ የእንጨት ኮላ በጥቂቱ ሲደረግ ታይሉን ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል፤ ከዚህም ጋር አንዳንዱን ታይል በጣት ጫፍ በአንድ ማዕዘኑ ብቻ ጫን ማድረግ ከላይ የተባለውን የብርሃን መሰበር ያመጣል። ጊዜ የሌለው ሠሪ በአንድ ወረቀት ላይ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ መስመር እየጫነ መጋጠሚያውን ሊያስገባ ይችላል፤ ይህ ለ1 ለ 48 ቤት ይበቃል፣ ለ1 ለ 12 ግን አይመከርም።

ቫርኒሹ በውኃ የሚቀጥን አክሪሊክ ሆኖ በሦስት ወይም በአራት ቀጫጭን ዙር ይቀባል። በኢንክጄት የታተመ ቀለም ውኃ ሲነካው ስለሚፈስ አስቀድሞ በሚነፋ መከላከያ መሸፈን አለበት፤ የሌዘር ኅትመት ይህን አይፈልግም። በተናጠል በተቆረጠ ታይል ላይ የመጨረሻው ዙር በትንሹ ወፈር ቢል መልካም ነው፤ ፈሳሹ ጠርዙ ጋ ሲደርስ በራሱ ይቆምና ከፍ ያለ ለስላሳ ከንፈር ስለሚሠራ፣ በምድጃ ቀልጦ የረጋ ልባስን ይመስላል። በጣም ሲወፍር ግን ብርሃኑ እንደ ሽሮፕ ይከብዳል።

መጋጠሚያውን መሙላት የሚመጣው ከቫርኒሹ በኋላ ብቻ ነው፤ ባዶ ወረቀት ላይ የተቀባ መሙያ አይለቅምና። በእውነተኛው ቤት ነጭ ሲሚንቶ የሚሠራውን ሥራ እዚህ በጥቂት ውኃና አክሪሊክ ቀለም የቀጠነ ስቱኮ ይሠራዋል፤ ቀለሙም ንጹሕ ነጭ ሳይሆን ቀለል ያለ ግራጫ ወይም ክሬም ይሆናል። በፕላስቲክ ካርድ ጠርዝ ወደ ክፍተቶቹ ከተገፋ በኋላ፣ ከመድረቁ በፊት ውኃው በደንብ በተጨመቀ ስፖንጅ ታይሎቹን በሰያፍ አቅጣጫ መጥረግ ትርፉን ያነሣል፣ መስመሩን ግን አይቆፍረውም። ከምድጃው በላይና ከውኃ ቧንቧው ሥር ያሉት መጋጠሚያዎች ብቻ በጣም በቀጠነ ቡናማ ቢነኩ ቤቱ ሰው የኖረበት ይሆናል።

ከእንጨት የሚሠራ ርካሽ ወረቀት ሊግኒን የተባለው የእንጨት ንጥረ ነገር ስለሚቀርበት በብርሃን ቢጫ ይሆናል፤ ስለዚህ ለረጅም ጊዜ እንዲቆይ ለታሰበ ቤት አሲድ አልባ ወረቀትና ፀሐይ የማያደበዝዘው ቀለም ይመረጣሉ፤ የተጠናቀቀውም ክፍል ከመስኮት ፀሐይና ከእርጥበት ራቅ ብሎ ይቀመጣል።