አሰር የበዛበት ፍራፍሬ የቱ ነው?

ፍራፍሬ ለጤና ተስማሚ መሆኑን የማያውቅ የለም። በአሰር (ፋይበር) ይዘታቸው ስናያቸው ግን ፍራፍሬዎች ሁሉ እኩል አይደሉም። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጠን ለምንውል የቢሮ ሰዎች ደግሞ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የሆድ ድርቀት፣ ኪንታሮትና የኮሌስትሮል መብዛት ከአሰር እጥረት ጋር ይያያዛሉ። እኔም በቤተሰቤ ውስጥ የስኳር ሕመም ስላለ፣ ፍራፍሬ ስገዛ ከጣዕሙ ባሻገር ይህንን ማየት ልማድ አድርጌዋለሁ።

ለመሆኑ አሰር ምንድን ነው? ከዕፅዋት ብቻ የሚገኝና ትንሹ አንጀታችን ሊፈጨው የማይችለው የምግብ ክፍል ነው። በውኃ የሚሟሟው ዓይነት በሆድ ውስጥ ወፍሮ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል፤ ኮሌስትሮልንም ለመቀነስ ያግዛል። የማይሟሟው ደግሞ ዓይነ ምድርን አብዝቶ በቀላሉ እንዲወጣ ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ከምግብ እንዲያገኝ ይመክራል።

በ100 ግራም የሚበላ ክፍል ስናወዳድር፣ ከነፍሬው የሚበላው ፓሽን ፍሩት 10 ግራም ያህል አሰር ይዞ ይመራል። አቮካዶ ወደ 7 ግራም፣ ዘይቱን (ጓቫ) ከ5 ግራም በላይ፣ በለስ 3.6 ግራም አላቸው። ሙዝ 2.6፣ ብርቱካንና ከነልጣጩ የሚበላ አፕል 2.4 ግራም ገደማ ይይዛሉ። ፓፓያና ማንጎ ከ2 ግራም በታች ሲሆኑ፣ ሐብሐብ ግማሽ ግራም እንኳን አይሞላም። እንግዲህ ከውጭ የሚመጣውን ውድ አፕል ስንመርጥ፣ ከእጥፍ በላይ አሰር ያለውን የአገራችንን ዘይቱን ትተን እያለፍን ነው ማለት ነው።

አበላሉም ይወስናል። አፕል ሲላጥ ከአሰሩ ግማሽ ያህሉን ያጣል። ብርቱካን ተጨምቆ ሲጠጣ ደግሞ ስኳሩ ቀርቶ አሰሩ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ጁስ ቤት የሚፈጨው አቮካዶ አሰሩ አብሮት ይቆያል፤ ችግሩ የሚጨመርበት ስኳር ነው። ስለዚህ እኔ ሳዝ «ያለ ስኳር» ማለትን አልረሳም። አቮካዶ ቅባቱ ጤናማ ቢሆንም በ100 ግራም 160 ካሎሪ ያህል ስላለው፣ ክብደት ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው ግማሹ ይበቃዋል።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። አሰርን በአንድ ጊዜ ማብዛት ሆድ ይነፋል፤ ቀስ በቀስ መጨመርና ውኃ በደንብ መጠጣት ይበጃል። የበለስ ፍሬ ከመጠን በላይ ሲበላ ዘሩ ተጠራቅሞ አንጀትን ሊዘጋ ይችላል። የአንጀት ጥበት ያለበት ወይም ሆዱን ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ሐኪሙን ቢያማክር ጥሩ ነው።

በመጨረሻም 25 ግራሙን በፍራፍሬ ብቻ መሙላት አይጠበቅብንም። ሽሮው፣ ምስሩና ባቄላው ትልቁን ድርሻ ይሸፍናሉ። ከምሳ በኋላ አንድ ዘይቱን ወይም ግማሽ አቮካዶ ከተጨመረበት የቀኑ ሒሳብ ብዙም አይጎድልም።