ሕግና ሱፍ፦ የዘጠኝ ኳስ ፑል ታሪክ

በ2001 (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቨርጂኒያ ውስጥ በተካሄደው የዩ.ኤስ. ኦፕን የዘጠኝ ኳስ ፑል ፍጻሜ፣ አሜሪካዊው ኮሪ ዱል በዚያው ዓመት የዓለም ሻምፒዮን የሆነውን ፊንላንዳዊ ሚካ ኢሞነንን 11 ለ 0 ረታ። ያነጋገረው የውጤቱ ስፋት ብቻ አልነበረም። ሌሎች ባለ በሌለ ኃይላቸው የሚመቱትን የመክፈቻ ምት ዱል ለስለስ አድርጎ ነበር የሚመታው። ኳሶቹ ተጠጋግተው በደንብ ከተደረደሩ፣ ከዳር ያለችው ኳስ በለዘብታ ምትም ወደ ማዕዘኑ ቀዳዳ እንደምታመራ ተረድቶታል። ሕጉ ይህን አይከለክልም። ቅሬታ ያሰሙት ግን ጥቂት አልነበሩም፤ ሕጉ እንዲህ ሊሠራበት እንደሚችል ያሰበ አልነበረምና።

የጨዋታው ሕግ ለመናገር ቀላል ነው። ከ1 እስከ 9 ቁጥር ያላቸው ኳሶች በአልማዝ ቅርጽ ይደረደራሉ። ነጩ ኳስ ሁልጊዜ መጀመሪያ መንካት ያለበት ጠረጴዛው ላይ ከቀሩት ትንሹን ቁጥር ነው። 9 ቁጥርን በሕጉ መሠረት ያስገባ ያሸንፋል፤ ሌሎቹን ማን እንዳስገባ አይቆጠርም። ስምንቱን አጽድቶ የመጨረሻዋን የሳተ ሰው ልፋቱ ለተቀናቃኙ ሲሳይ ነው። አንዱ ጨዋታ በደቂቃዎች ስለሚያልቅ፣ ለረጅም ዘመን በአሜሪካ የቁማርተኞች ተወዳጅ ሆኖ ኖረ። ታላላቆቹ ሻምፒዮናዎች የሚካሄዱት እነዊሊ ሞስኮኒ በነገሡበት፣ ትዕግሥት በሚጠይቀው ሌላ የፑል ዓይነት ነበር። ለውጡን ሲኒማም መዝግቦታል። በ1961 “ዘ ሀስለር” ፊልም ላይ ያንን የድሮ ጨዋታ ሲጫወት የታየው ኤዲ፣ በ1986 “ዘ ከለር ኦፍ መኒ” ላይ ሲመለስ የዘመኑ ጨዋታ ዘጠኝ ኳስ ሆኗል።

በዚያው በ1980ዎቹ ትልቅ የሕግ ለውጥ ሥር ሰደደ። በቀድሞው አጨዋወት፣ ማግኘት ያለበት ኳስ የተደበቀበት ተጫዋች ነጩን ወደ ፈለገበት ገፋ ማድረግ ይችል ነበር። ተቀናቃኙ ከዚያ ቦታ ይመታል፤ ካልፈለገም “አንተው ምታ” ይላል። ስለዚህ ከሩቅና ከአስቸጋሪ ማዕዘን ማስገባት የሚችል፣ ዓይነ ሹል ተጫዋች ይጠቀማል። “ቴክሳስ ኤክስፕረስ” የተባለው ሕግ ግን መግፋትን ከመክፈቻው ምት ቀጥሎ ላለው አንድ ምት ብቻ ወሰነው። ከዚያ በኋላ አንድ ፋውል የሠራ፣ ተቀናቃኙ ነጩን ኳስ በእጁ አንስቶ ደስ ባለው ቦታ ያኖርበታል። ጨዋታው ፈጠነ፤ ቅጣቱም ከበደ።

ያን ጊዜ መደበቅ ራሱን የቻለ የጥቃት መሣሪያ ሆነ። ከተደበቀበት በጠረጴዛው ጠርዝ አንጥሮ ኳስ ማግኘት የሚችል ሰውም ዋጋው ናረ። በማኒላ፣ በአጎቱ የቢሊያርድ ቤት ያደገው ፊሊፒናዊው ኤፍሬን ሬየስ በ1985 አሜሪካ ደርሶ በሐሰት ስም ሲወዳደር፣ የያዘው ዕውቀት በትክክል ይህ ነበር። በአገሩ የሚዘወተረው፣ 15 ኳሶችን በቁጥር ተራ የማስገባት ጨዋታ የማንጠርን ጥበብ አስተምሮታል። በ1994 ዩ.ኤስ. ኦፕንን በማሸነፍ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ያልሆነ ባለድል ሆነ። ሬየስ በማንኛውም ሕግ ታላቅ ተጫዋች እንደሚሆን አይጠረጠርም። አዲሱ ሕግ ግን ድሮ በመግፋት የሚታለፈውን ችግር የእሱ መድረክ አደረገለት።

ከሕጉ ጎን ለጎን ጨርቁም ተለውጧል። የድሮው ጠጉራም ጨርቅ ኳስን ይይዛል፤ ነጩን ረጅም መንገድ ለማስኬድ ጠንካራ ክንድ ይጠይቃል። ቤልጅየም ውስጥ ቬርቪዬ ከተማ ከ1680 ጀምሮ ሱፍ የሚሠራው የሲሞኒስ ድርጅት ያስፋፋው ዓይነት ልሙጥ ጨርቅ ግን ኳስን ያስሮጣል። ጡንቻ የነበረው ጥበብ ወደ መመጠን ዞረ። ሱፍ እርጥበት ስለሚጠጣም አንዱ ጠረጴዛ ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም። ቀዳዳ በሌለው የካራምቦል ጠረጴዛ ይህን ለመከላከል ድንጋዩን ከሥር ያሞቁታል። የፑል ተጫዋች ግን እዚያው እየተጫወተ መልመድ አለበት። አዲስ ጨርቅ ላይ ኳስ ስለሚንሸራተት፣ ትናንት የተለማመደው የማንጠሪያ ማዕዘን ዛሬ ይከዳዋል።

ማን ይከፍታል የሚለውም ጥያቄ ቀላል አይደለም። በ1996 ዳላስ ውስጥ፣ በአንድ ግጥሚያ 10 ጨዋታ በተከታታይ ከፍቶ ለሚጨርስ አንድ ሚሊዮን ዶላር ተመድቦ ነበር። ኧርል ስትሪክላንድ 11 ጨረሰ። ገንዘቡ በኋላ ከኢንሹራንስ ጋር አከራከረ። ከክርክሩ ይልቅ የሚገርመው ግን ወንበር ላይ የቀረው ተቀናቃኝ ነው። ያሸነፈ ደግሞ ይክፈት ከተባለ፣ ሌላው ዱላውን ሳያነሳ ሊሸነፍ ይችላል። ተራ በተራ ይክፈቱ ከተባለ ፍትሑ ይሻላል፤ ተመልካች ግን እንደ ስትሪክላንድ ያለውን ጉዞ ያጣል።

ከዱል ዓይነቱ መክፈቻ በኋላ አዘጋጆች ዝም አላሉም። በአንዳንድ ውድድሮች መክፈቻው ከተወሰነ ሥፍራ እንዲመታ ተደረገ፤ በሌሎች ቢያንስ ሦስት ኳሶች ገብተው ወይም የጠረጴዛውን የላይኛ መስመር አልፈው እንዲገኙ ተደነገገ። በ1 ቁጥር ፈንታ 9 ቁጥር ምልክቱ ላይ እንድትቀመጥ ያደረጉም አሉ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በታላላቅ ውድድሮች የማዕዘኑ ቀዳዳ ወደ 4 ኢንች ገደማ ጠቧል። ኳሷ 2.25 ኢንች ናት፤ በ4.5 ኢንች ቀዳዳ ሁለት ጎን ለጎን ልክ ትክክል ይገቡ ነበር። ግማሽ ኢንች ስትቀነስ ደፋሩ ምት አደገኛ ይሆናል፤ መደበቅም መልሶ ይከብራል።

ፑል ቤት የዋለ ሰው ጨዋታ ሳይጀመር የሚነሳውን “በማን ሕግ ነው?” የሚል ሙግት ያውቃል። የሻምፒዮኖቹም ታሪክ ያው ሙግት ነው። እያንዳንዱ ማስተካከያ አንድን ችሎታ ከፍ ሲያደርግ፣ ሌላው ዕድሜውን የገበረበትን ጥበብ ከገበያ ያወጣል። የ2001ዱ 11 ለ 0 ዛሬም በመዝገብ ላይ አለ። ሕጉ የተለወጠው ለሚቀጥለው ተጫዋች ነው።